ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሚታይ ጭስ

መስከረም 28

ይድረስ ለቁንጫዬ፤

ይህ ወረቀት አንቺን በጤና፣ ደጅሽን በሰላም፣ ጓዳሽን በሙላት ያግኝልኝ። እኛ አለን። እትዬሽ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ይህን ስጽፍም ከኋላዬ ቆማ «ሰላምታውን አሳጥረውና ወደ ጉዳዩ ግባ» እያለች ነው።

አባትሽ ቢኖር ኖሮ ለእሱ ነበር የምጽፈው። የአክስቱ ልጅ ብሆንም እንደ ወንድም ነበርን። እሱ ካለፈ ወዲህ አንቺን አሳደግሁ ብዬ አልኮራም፤ ያሳደገሽና ያስተማረሽ የቀፏችን ማር ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደኑ ዳር ቢጫ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተክለው አገኘን። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። ፉጨትን ጠየቅነው። ፉጨት የምልሽ የደኑ ጥበቃ ነው፤ የጎረቤታችን የአናጺው አማች፣ ያ ሲፈራ የሚያፏጨው። «እኔ የታዘዝኩት ችካሎቹን እንድጠብቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም» አለንና ማፏጨት ጀመረ።

ደኑ ሊዘጋ ነው ይባላል። መዘጋቱን አልጠላም። መጋዝ የያዙት ሰዎች ከመንገዱ ወገን በጭነት መኪና እያመላለሱ እንዴት እንዳራቆቱት ታውቂያለሽ። እኛስ? ሠላሳ ስምንት ቤት ነን። እያንዳንዱ ቤት ከአባቱ የተረከበው፣ ቀፎውን የሚሰቅልበት አንድ ዛፍ አለው። ዛፉን የቆረጠ ማሩን ቆረጠ፤ ስለዚህ ቆርጠን አናውቅም። ይህን ለማን እንደምናስረዳ ግን አናውቅም።

አንቺ ባለሽበት አገር ያሉት ሰዎች ብዙ ያውቃሉ ይባላልና እስቲ ጠይቂልኝ። የአንቺንም ሥራ «ቢሮ ነው» ከማለት በቀር ነግረሽን አታውቂም። ቢሮ ምን ይሠራል?

በስልክ ብትይ የከተማው ባለሱቅ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚሰማው። ደብዳቤ ሃያ ቀን ቢፈጅም አፍ የለውም። ደግሞ ከቻልሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ፤ ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኖብኛል።

አጎትሽ


ጥቅምት 24

ለተከበሩ ጋሼ፤

ከሩቅ ሆኜ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነስቻለሁ። የእትዬን ጉንጮች አምስት አምስት ጊዜ ስሜያለሁ። ዕድሜያችሁን ያርዝምልኝ፤ የእኔን ሳይቀንስ።

መነጽሩን ደብዳቤያችንን በሚያደርሰው ሹፌር ልኬያለሁ፤ በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። ካልሲውም የእርስዎ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋው ላይ ተቀምጬ እጄን ብዘረጋ በሩን እከፍታለሁ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው። እዚያ ማዶ አንድ ሰው ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን አላየሁትም። አንዳንድ ቀን እሱም በሌላ መስኮት የሌላ ሰው ጀርባ ያይ ይሆናል እላለሁ።

ሥራዬ ፎቶ ማየት ነው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ። የየቦታው። በሰፊው ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ስለ ችካሎቹ ጠይቄ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልበልዎ። ጭስ ከላይ ይታያል። የእግር መንገድም፣ የተቆረጠ ዛፍም፣ ጭስም ይታያል። ለምን ይህን እንደጻፍኩ አይጠይቁኝ። ተጠንቀቁ ለማለት ነው። አሁን ኮሪደሩ ላይ እግር ሰማሁ፤ እዚህ ላይ ላቁም።

ቁንጫዎ


ኅዳር 29

ይድረስ ለብልኋ ልጄ፤

ሰላምሽ እንደ ወንዝ አይቋረጥ። መነጽሩ ደረሰ። እትዬሽን ከሃያ ዓመት በኋላ በደንብ አየኋት፤ እሷም «ታዲያስ?» አለችኝ። «ጉንዳኖቹ ሄደዋል» ብዬ አመለጥኩ።

ደብዳቤሽን ለሁሉም አነበብኩላቸው። «ጭስ ከላይ ይታያል፤ ተጠንቀቁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ። ነገሩ ገባን። ያን ዕለት ተማከርንና ማንም ደን እንዳይገባ ተባባልን። ማር ሳይቆረጥ ቀረ። የእግር መንገዱ ላይ ቅጠልና ጭራሮ በተንንበት። ሣሩም አገዘን፤ አሁን እኔ ራሴ መግቢያውን እስክፈልግ እቆማለሁ።

በሳምንቱ ደብተር የያዘች ሴት መጣች። ጫማዋ ረዥም፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ቤት ለቤት እየዞረች «ደኑ ውስጥ ትገባላችሁ?» ትላለች። ድሮ ከሰል ለሚያከስሉት ሰዎች እንዲህ ዓይነት ደብተር መጥቶ «ተመዝገቡ፣ እንረዳችኋለን» ተብለው የተመዘገቡት ሁሉ በስማቸው እየተጠሩ እንደተቀጡ ታስታውሺያለሽ። እኛም ከእነሱ ተምረናል፤ አንቺም አስጠንቅቀሽናል።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ አናጺው። ከመከልከሉ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ገብቶ ንብ የነደፈው ዓይኑ እንደ ቲማቲም አብጧል።

«ዓይንህን ምን ነካው?» አለችው።

«ሚስቴ።»

ሚስቱ ከበሩ ሆና «ሲያንሰው ነው!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ «ደን? የቱ ደን?» ብላ አረፈችው። ደኑ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ቆሟል እኮ! እኔም «ዛፍ በሩቁ ደስ ይለኛል» አልኳት። ሴትዮዋ ሁሉንም ጻፈች፣ አመስግናን ሄደች።

አየሽ፣ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ሠላሳ ስምንት ቤት፣ አንድ መልስ። ደስ ብሎሽ እንድታድሪ ነው የጻፍኩልሽ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደስ አይለኝም። ስትሄድ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሐዘን ይመስል ነበር።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 19

ጋሼ፤

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ቅጾቹም ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሱ። ሠላሳ ስምንት ቅጽ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መልስ። አይገባም። አይገባም። አይገባም። የእርስዎ ሃያ ሁለተኛው ነው።

አሁን የማልናገርበት ጊዜ አለፈ። ችካሎቹን ያስተከለው የእኛ ቢሮ ነው። መስመሩን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ በቀኝ እጄ።

ስስለው ምንም አልፈራሁም ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፦ በደኑ ሲጠቀም የኖረ ቤተሰብ ደኑ ከተዘጋ በኋላም በፈቃድ ይገባል፤ ያልተጠቀመ አይገባም። ሴትዮዋ የመጣችው እናንተን ልትይዝ አልነበረም። ልታስገባችሁ ነበር። «እንገባለን» ብትሉ ኖሮ አልቆ ነበር።

ለምን አልነገርኳችሁም? በአንድ መንደር ዘመድ ያለው ሠራተኛ በዚያ መንደር ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ደንብ አለ። ሥራው ሲጀመር ወረቀት ሰጡኝ። «በዚህ ቦታ ዘመድ የለኝም» ይላል። ፈረምኩ። ሌላ ሰው መስመሩን ቢስለው እናንተን አያውቃችሁም ብዬ ነው የፈረምኩት። አሁን ቢታወቅ ሥራዬም፣ የመኖሪያ ወረቀቴም፣ የሠራሁት ሁሉም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ስጽፍላችሁ ግማሹን ጻፍኩ። «ተጠንቀቁ» ያልኩት እሳት እንዳትለቁ ለማለት ነበር። ግማሽ ነገር ከውሸት እንደሚብስ አላወቅሁም ነበር።

እናንተ ደኑን ካዳችሁ። እኔ እናንተን ቀድሜ ክጃለሁ።

አለቃዬ ቅጾቹን አገላብጦ «ጥሩ ነው፤ ሰው ስለሌለ ነው እንዲህ አረንጓዴ የሆነው» አለ። እኔ የአሥር ዓመቱን ፎቶ በተራ አይቻለሁ ጋሼ። ከመንገዱ ወገን ብል የበላው ጨርቅ መስሏል፤ ያልተበላው የእናንተ ወገን ብቻ ነው። አረንጓዴ የሆነው ሰው ስላለ ነው። ይህን ልለው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እንዴት አወቅሽ ቢለኝስ?

አንድ ቀዳዳ ቀርታለች። ጥር 22 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ፎቶ ይነሣል። በፎቶው ላይ ከቅጹ ጋር የሚጣረስ ነገር ከታየ ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል። ጭስ በታየበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ይደረጋል። ነጥብ ያለው ቤት ይመረመራል፣ ፈቃድም ያገኛል። ነጥብ የሌለው ለዘለዓለም ከችካሉ ውጭ ነው። እናንተ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንጂ ቀን ቀፎ እንደማታጨሱ አውቃለሁ። ለዚህ ነው በአሥር ዓመት ፎቶ ውስጥ አንድም ጭስ ያላገኘሁት።

አንድ ጭስ ቢታይ ሌባ ነው ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ጭስ ግን መንደር ነው።

ግቡ ማለቴ አይደለም። አትግቡ ማለቴም አይደለም። ፈርቻለሁ።

ቁንጫዎ


ጥር 12

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽን በላክሽልኝ መነጽር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባልላክሽልኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬሽ «ምን አለች?» ስትለኝ «ደህና ነኝ አለች» አልኳት። «ደህና ነኝ ላለ ሰው ፊትህ ለምን አመድ መሰለ?» አለችኝ። እሷን ማታለል ድሮም አልሆነልኝም።

ሳልቆጣሽ አልቀረሁም። አንድ ቀን ሙሉ ተቆጥቼሽ ዋልኩ። ማታ ላይ «ኧረ በጭራሽ!» እየተባባልን እንዴት እንደሳቅን ትዝ አለኝና ቁጣው ወደ እኔ ዞረ። ደብዳቤሽን ያነበብኩላቸው እኔ፣ ግቡ አትግቡ ያልኩት እኔ።

በአናጺው ሱቅ፣ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን።

«በጠራራ ፀሐይ ንብ ማጨስ? አብደሃል?» አለ አናጺው። «ቀን ንቡ ሁሉ ደጅ ነው። ተመልሶ ቤቱ ውስጥ ጭስ ሲያገኝ ማን ያስታርቀናል?»

«ዓይንህ እንደሆነ ለምዷል» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ንብ ቢነድፈኝ እድናለሁ። ይሄኛው ፎቶ ደግሞ ወጥመድ ቢሆንስ?»

ይህን ሲል ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ምን ልበላቸው? ያ ሁሉ ሰው አንቺን በእኔ በኩል ነው የሚያምንሽ። «የልጄ ነገር ነው፤ እኔ እገባለሁ» አልኩ። ድምፄ ግን ቀጥኖ ወጣ።

ሌላው ፍርሃት ሣሩ ነው። ጥር ነው፤ ሣሩ ክብሪት ሳይነካው የሚነድ ይመስላል። እያንዳንዱ ሰው ከዛፉ ሥር ሁለት እርምጃ ዙሪያውን ሊያጸዳ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ሊይዝ፣ ጭሱን በእርጥብ ቅጠል ሊያፍን ተስማማን። ደኑን ለማቆየት ብለን ደኑን ብናቃጥልስ? ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ሁሉም ሲያስበው ግን ይሰማኝ ነበር።

ፉጨት በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶናል። «ጭስ ካየሁ መያዝ ግዴታዬ ነው» አለ።

«ሠላሳ ስምንት ሰው በአንዴ ትይዛለህ?» አለው አማቱ። «ከእኔ ትጀምራለህ ወይስ ከሚስትህ እናት?»

ፉጨት አፏጨ፣ አፏጨና «የዚያን ቀን ሆዴን ሳያመኝ አይቀርም» አለ።

እንገባለን። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ነገሩ አልፏል።

ዘመድ የለኝም ብለሽ መፈረምሽን ለማንም አላነበብኩም፤ ለእትዬሽም። ያን ገጽ ለይቼ አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ አኖርኩት። ስራመድ ይሰማኛል።

አጎትሽ


ጥር 24

ጋሼ፤

ይህን ስጽፍ መልስዎ ገና አልደረሰኝም። ፎቶው ግን ደርሷል።

ጠዋት ከፈትኩት። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። አረንጓዴ ብቻ። ከዚያ አንድ ቀጭን ነጭ ክር። ሌላ። ሌላ። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከጎኔ ያለችው ልጅ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «እግሬ ደንዝዞ ነው» አልኳት። ሁሉም ክር ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል፤ ነፋስ ነበር ማለት ነው። ነፋስ እንደነበር ሳውቅ ደግሞ እሳት እንዳያመልጣችሁ ፈራሁ።

ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት።

እንደገና ቆጠርኩ። ምሳ ሳልበላ አራት ጊዜ ቆጠርኩ። የማን እንደጎደለ ለማወቅ ስም አያስፈልገኝም። ከጅረቱ ማዶ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለው ዛፍ ጋ ጭስ የለም። ያ ዛፍ የእርስዎ ነው።

ምን ሆኑ? ታመው ቀሩ? ንቡ ነው? ወደቁ? ተያዙ? ፎቶው አንዲት ቅጽበት ናት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለውን አትነግረኝም።

ለሠላሳ ሰባቱ ነጥብ አድርጌያለሁ። የእርስዎ ቦታ ባዶ ነው። አንድ ነጥብ ለማድረግ አንዴ መጫን ይበቃል። አለቃዬ ሠላሳ ሰባት ይሁን ሠላሳ ስምንት አይቆጥርም። መዝገቡ የካቲት 25 ይዘጋል። ያለ ነጥብ ከተዘጋ ሠላሳ ሰባት ቤት ያስገቡት እርስዎ ከችካሉ ውጭ ሊቆሙ ነው።

ላድርገው? ይህ ደብዳቤ የካቲት አጋማሽ ቢደርስዎ ነው፤ መልስዎ ከመዝገቡ እንደማይቀድም አውቃለሁ። ግን ሳልጠይቅዎ ማድረግ አልቻልኩም። ሳልነግራችሁ ያደረግሁት ይበቃኛል።

ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ።

ቁንጫዎ


የካቲት 15

ይድረስ ለልጄ፤

አለሁ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ፤ አለሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው ቀኝ እጄ በጨርቅ ስለተጠቀለለ ነው። ይድናል፤ እትዬሽ እየቀባችው፣ እየተሳደበችም ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለኮስኩ። ሁሉንም እንደተባባልነው አድርጌያለሁ። ሣሩን አጽድቻለሁ፣ ውሃዬ አጠገቤ ነው። ችቦውን ይዤ ወጣሁና ከቀፎው ሥር አጨስኩ። ንቡ መጣብኝ። እሱን ችዬ ነበር። ድንገት ነፋስ መጣና አንድ የሚነድ ቅጠል ከእጄ ወሰደ። ካጸዳሁት አልፎ ሲወድቅ ቁልቁል አየሁት። ከእሳቱ በፊት ድምፁን ሰማሁት።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ኮቴን አውልቄ በእሱ ደበደብኩት። ጀሪካኑን ግማሹን እሳቱ ላይ፣ ግማሹን ችቦው ላይ ደፋሁት። አንድ ጠረጴዛ የሚያህል መሬት ጠቁሮ እሳቱ ጠፋ። ዝም ሲል፣ ሁሉም ነገር ዝም ሲል፣ ቀና ብዬ አየሁ። ከዛፎቹ በላይ የሌሎቹ ጭስ ቆሟል። የእኔ የለም።

ሁለተኛ ችቦ ይዤ ነበር። ክብሪት አወጣሁ። መጫር ግን አልቻልኩም። ለደኑ ፈርቼ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ክብሪቱን ወደ ኪሴ መለስኩት። አራት ሰዓት እንደሚሆን ገመትኩ። ከላይ የሆነ ነገር እያየኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ወደ ሰማይ እጄን አውለበለብኩ። ይታያል ወይ?

ነጥቡን አታድርጊ። ሠላሳ ሰባቱ እውነት ናቸው። ባልነበረ ጭስ አንድ ብትጨምሪና ቢነቁብሽ ሠላሳ ሰባቱንም ሐሰት ይሏቸዋል፤ ፊርማሽንም ያወጡብሻል። እኔ አንድ ቤት ነኝ። አናጺው «ከእኔ ዛፍ ግማሹ የአንተ ነው» ብሎኛል። ሲለው ግን ዓይኑን አሸሸ። ሰው ግማሽ ዛፍ ሰጥቶ ስንት ዓመት ይኖራል? ያለ ዛፍ መኖርን ደግሞ አላውቅበትም። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው።

ይህ ቃሌ አርፍዶ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሽ፣ ከዛፉ ሥር ቆመሽ ስታለቅሺ «አትፍሪ፣ ውጪ!» እልሽ ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ፈርተሽ እንዲሆን እየለመንኩ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 5

ለጋሼ፤

እጅዎን ፈጣሪ ይዳብስልኝ። ደብዳቤዎን አሁን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት።

አልፈራሁም። ነጥቡን የካቲት 24 ቀን አድርጌዋለሁ። መዝገቡም ተዘግቷል።

ፎቶውን እንደገና ከፍቼ እስከሚችለው ድረስ አቀረብኩት። እጅዎ አይታይም። ድንጋዩ ይታያል፣ የዛፉ ጥላ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘን ቀለሞች ብቻ ናቸው። ከአንዳቸው ውስጥ እርስዎ ቆመዋል።

አሁን የሚመጣውን ልንገርዎ። በሠላሳ ስምንቱም ነጥብ ላይ በእግር ሄደው ሊያረጋግጡ ወስነዋል። መጋቢት 28 እዚያ ይደርሳሉ። ይህ ደብዳቤ ሹፌሩ ካልታመመ፣ ጎማው ካልፈነዳ ሦስት ቀን ይቀድማቸዋል። በየዛፉ ሥር ባለቤቱ ቆሞ መልስ ይሰጣል። የጠቆረውን መሬት አይሸፍኑት። የሆነውን እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ለኮስኩ፣ አመለጠኝ፣ አጠፋሁት ይበሉ። አራት ሰዓት ላይ ጭስ ነበረ ወይ ብለው ከጠየቁዎት ግን ምን እንደሚሉ አላውቅም። አልነበረም ቢሉ እኔ እጠፋለሁ። ነበረ ቢሉ እርስዎ ዋሹ ማለት ነው። አስቤ አስቤ መውጫ አላገኘሁለትም። እንዳሻዎ ይመልሱ፤ አልቀየምዎትም።

መስመሩን የሳለችው ቦታውን ስለምታውቅ ትምራቸው ተብሎ እኔም ታዝዣለሁ። ከአለቃዬ ኋላ፣ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።

ለእትዬ ዛሬውኑ ይንገሯት። ከቤት አትውጣ፤ ካየችኝ አትችልም። አናጺው እንዳይቀልድ። ቁንጫ ብሎ የሚጠራኝ ሰው እንዳይኖር። ያቺን በኪስዎ ያለችውን ገጽ ያቃጥሏት።

ከጅረቱ ማዶ፣ ከዛፍዎ ሥር ይቁሙ። አጠገብዎ ስደርስ ስምዎን እጠይቅዎታለሁ። አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው ይመልሱልኝ።